ግሪስ የሚወጋው ወይስ ቴፍሎን ያለው? ፕላግ ቫልቭ ለመግዛት ላሰበ

ስለ ፕላግ ቫልቭ፣ ማለትም ቀዳዳ ያለው መዝጊያ (ፕላግ) እየዞረ የቧንቧ መስመርን ስለሚከፍትና ስለሚዘጋው ቫልቭ፣ የሚጠይቁኝ ወዳጆች ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው። «ግሪስ የሚወጋውን እንግዛ ወይስ ቴፍሎን ያለውን?» ይሉኛል። ከዚያ ሁለት የዋጋ ማቅረቢያ ይልኩልኛል። ከታች ያለውን ድምር አይቼ ቶሎ እንድመልስላቸው ይፈልጋሉ። ድምሩ ብቻ ግን መልሱን አይነግርም። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት እዚሁ አንዴ ልጻፈው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። በመስመሩ የሚሄደው ጋዝ ወይም ነዳጅ ከሆነ፣ መስመሩን ማቆምም ውድ ከሆነ፣ የምመርጠው ግሪስ የሚወጋውን ነው። ቢያፈስ ወይም አልዞር ቢል ሳይፈታ፣ ግፊት እንዳለበት ይታከማል። የቴፍሎኑ ስሊቭ (ፕላጉን የሚከብበው እጅጌ መሰል ሽፋን) ግን አንዴ ካለቀ ቫልቩ መውረዱ አይቀርም።

ሁለቱም በሩብ ዙር ይዘጋሉ፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የሚለያዩት በፕላጉና በአካሉ መካከል ባለው ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ብረት ከብረት ጋር ይገጥማል። መካከሉ ላይ በጫና የሚገባ ወፍራም ማሸጊያ ግሪስ አለ። ግሪሱ ማፍሰስን ይከላከላል፣ ፕላጉን ያለሰልሳል፣ የተጣበቀ ፕላግ ሲያጋጥምም ገፍቶ ያላቅቀዋል። በሁለተኛው ዓይነት ፕላጉ የሚዞረው በቴፍሎን ስሊቭ ውስጥ ነው። ግሪስ አይፈልግም። ማፍሰስ ሲጀምር የክዳኑን ቡሎኖች ትንሽ በማጥበቅ ፕላጉ ወደ ታች ይገፋል፣ ስሊቩም ይጠብቃል።

ሻጮች ስለ ሁለተኛው ሲያወሩ «ጥገና አይፈልግም» ይላሉ። ለተወሰነ ጊዜ እውነት ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዋጋው የተደበቀበት ቦታ

ሁለት ማቅረቢያ ስታወዳድሩ መጀመሪያ የቀዳዳውን ስፋት ጠይቁ። የብዙ ሰው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ወረቀት «8 ኢንች» ይላል። ይህ ግን የፍላንጁ (ቫልቩ ከቧንቧው ጋር በቡሎን የሚገጣጠምበት ቀለበት) መጠን ነው። በፕላጉ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ከቧንቧው ጠባብ ሊሆን ይችላል። ቬንቹሪ የሚባለው ዓይነት ትንሽ ፕላግ ስለሚይዝ ብረቱም ጉልበቱም ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይረክሳል። በምላሹ ግፊት ይበላል። የበላውን ግፊት ፓምፑ ወይም ኮምፕረሰሩ በየቀኑ ይከፍልላችኋል። አልፎ አልፎ ለሚከፈት መስመር ቬንቹሪ ምንም አይደለም። ሌት ተቀን ፈሳሽ ለሚያልፍበት ዋና መስመር ግን በግዢው ያተረፋችሁትን የመብራት ሂሳቡ መልሶ ይወስደዋል።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። መስመሩ በፒግ (በቧንቧው ውስጥ እየተገፋ በሚጠርግ መሣሪያ) የሚጸዳ ከሆነ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ፕላግ ቫልቭ አይሆንም፤ ፒጉ አያልፍም። ሙሉ ክብ ቀዳዳ ያለው ፕላግ ቫልቭ አለ፣ ግን ግዙፍና ውድ ነው። እንዲህ ላለው መስመር እኔም ሙሉ ቀዳዳ ያለው ቦል ቫልቭ (መዝጊያው ኳስ የሆነ ቫልቭ) ነው የምመክረው።

ቀጥሎ ያልተጻፈውን ዕቃ ፈልጉ። ማርሽ ያለው ማዞሪያ ተካቷል? ፕላግ ቫልቭ ከቦል ቫልቭ የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ትልልቁን በእጀታ ብቻ እናዞረዋለን ማለት የማይሆን ነገር ነው። ቡሎንና ጋስኬትስ? የመጀመሪያው ግሪስ ተሞልቶ ነው የሚመጣው ወይስ ባዶውን? የግሪሱ ፓምፕ ማን ይገዛል? ፓምፑ ርካሽ አይደለም። ደህናው እስከ 10,000 ፒኤስአይ (የግፊት አሃድ) ይገፋል፣ የግፊት መለኪያም አለው። ለአንድ ቫልቭ ብቻ ከገዛችሁት ዋጋው ያስደነግጣል። በርካታ ቫልቭ ላለው ጣቢያ ግን ተከፋፍሎ ትንሽ ይሆናል። ጥቂት ቫልቭ ብቻ ያላችሁ ሰዎች ይህን ሂሳብ በደንብ ሥሩት።

ግሪሱ ራሱም ወጪ ነው። ተራ የመኪና ግሪስ ወጋግተው ቫልቭ ያበላሹ ሰዎች አይቻለሁ። ተራ ግሪስ ነዳጅ ሲነካው ይሟሟል፣ ጋዝ ያደርቀዋል፣ ሙቀት ያቀልጠዋል። ማሸጊያው የሚመረጠው በመስመሩ በሚሄደው ነገርና በሙቀቱ ነው። የውሃው ለነዳጅ አይሆንም፣ የነዳጁም ለውሃ። ስለዚህ የአንድ ዓመት ፍጆታ ዋጋ ከቫልቩ ጋር አብሮ ይቅረብላችሁ።

ይህን ሁሉ ስትደምሩ ግሪስ የሚወጋው በወረቀት ላይ ይሸነፋል። ብዙ ገዢ እዚህ ላይ ሂሳቡን ይዘጋል። ያልተደመረው የቴፍሎኑ መጨረሻ ነው።

ቴፍሎኑ ሲያልቅ

ቴፍሎን ጫና ሲበዛበት ቀስ እያለ ከቦታው ይሸሻል። መስመሩ በተደጋጋሚ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። አሸዋ ወይም የብየዳ ፍርፋሪ ከገባ ስሊቩን ይቧጥጠዋል። መጀመሪያ ክዳኑን ታጠብቁታላችሁ፣ ማፍሰሱ ይቆማል። ሌላ ጊዜም ታጠብቃላችሁ። በመጨረሻ ክዳኑ የሚሄድበት ቦታ ያልቃል፣ ወይም ፕላጉ ጠብቆ አልዞር ይላል።

ያኔ መስመሩ ይቆማል፣ ይራገፋል፣ ይታጠባል፣ ቫልቩ ይወርዳል። አዲሱን ስሊቭ ለማስገባት ልክ የሆነ መጫኛ መሣሪያ ያስፈልጋል። በመዶሻና በእንጨት የገባ ስሊቭ ይታጠፋል። መለዋወጫው ሲጠፋ ደግሞ ብዙዎች አዲስ ቫልቭ መግዛቱን ይመርጣሉ። የወጪው ትልቁ ክፍል ግን የመስመሩ መቆም ነው። አንድ ቀን የቆመ ዋና መስመር የቫልቩን ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊበላ ይችላል።

እሳትም አለ። ቴፍሎን በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። ነዳጅና ጋዝ ላይ ቴፍሎን ያለው ቫልቭ የምትገዙ ከሆነ የኤፒአይ 607 (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ደረጃ) የእሳት ፈተና ማስረጃ ሳታዩ አትክፈሉ። ማስረጃው ለዚያው ዲዛይንና መጠን የሚሠራ መሆኑንም አረጋግጡ።

ፎርጅዱን መለየት

አንድ የማውቀው ጣቢያ በጣም ረከሰ የተባለ ቫልቭ ገዝቶ ነበር። ቀለሙ ያምራል፣ ስም የተጻፈበት ሳህን በሪቬት ተመቷል። ቀለሙ ሲፋቅ ሥሩ ላይ የተሞረደ ጽሑፍ ተገኘ። ያገለገለ ቫልቭ ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ አዲስ ሳህን ተለጥፎበት ነው የተሸጠው። ግሪሱ የሚሄድባቸው ቦዮች በደረቀ አሮጌ ግሪስ ተደፍነው ነበር። ፓምፑ ሲገጠም መለኪያው ወዲያው ጣሪያ ነካ፣ አንዲት ጠብታ ግን አልገባችም። ጣቢያው ቫልቩን ጥሎ ሌላ ገዛ።

ስለዚህ ሳህኑን አትመኑ። አካሉ ላይ አብሮ የተቀዳውን ጽሑፍ እዩ። የብረቱ ዓይነት፣ የግፊት ክላሱ (ደረጃው) እና የቅልጥ ቁጥሩ (ብረቱ ከየትኛው ቅልጥ እንደተቀዳ የሚያሳየው) እዚያ ላይ ይገኛሉ። የቅልጥ ቁጥሩ ከ3.1 ሰርተፍኬቱ (አምራቹ ስለ ብረቱ ከሚሰጠው የምርመራ ወረቀት) ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልገጠመ ወረቀቱ የሌላ ቫልቭ ነው። ክብደቱንም መዝኑ፣ ከአምራቹ ካታሎግ ጋር አስተያዩት። በጣም ቀላል ከሆነ ግድግዳው ሳስቷል ማለት ነው።

ስቴንለሱን በማግኔት የሚፈትኑ ሰዎች ብዙ ናቸው። ይህ ቀልጦ ለተቀዳ ስቴንለስ አይሠራም። ሲኤፍ8ኤም የሚባለው ተቀድቶ የሚሠራ ስቴንለስ በውስጡ ጥቂት ፌራይት (ማግኔት የሚስበው የብረት መዋቅር) ስላለው ማግኔትን በመጠኑ ሊስብ ይችላል። ማግኔት ስለሳበ ብቻ ኦርጅናሉን የመለሱ፣ ስላልሳበ ብቻ መናኛውን የተቀበሉ አሉ። ጥርጣሬ ካላችሁ ብረቱ በመመርመሪያ መሣሪያ ይታይ። የምርመራው ክፍያ ከቫልቩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ሻጩ «19.6 ባር ይችላል» ሲል ደግሞ በስንት ሙቀት ብላችሁ ጠይቁ። ክላስ 150 የካርቦን ብረት 19.6 ባር የሚችለው እስከ 38 ዲግሪ ድረስ ነው። 200 ዲግሪ ላይ ወደ 13.8 ባር ይወርዳል። ከተቻለ የግፊት ፈተናውን ቆማችሁ እዩ። አካሉ የሚፈተነው በመደበኛ ግፊቱ 1.5 እጥፍ፣ መዝጊያው በ1.1 እጥፍ ነው።

ሲገጠም የሚበላሸው

ጥሩ ቫልቭ በመጀመሪያው ሳምንት ሲያፈስ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የገጠማው ነው። ከሁሉ በፊት መስመሩ ይታጠብ። የብየዳ ፍርፋሪ ለሁለቱም ዓይነት ጠላት ነው፤ ለቴፍሎኑ ግን ይከፋል። የፍላንጁ ክዳን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አይነሳ። ቧንቧዎቹ ራሳቸውን ችለው ይቁሙ፣ ይተካከሉም። ክፍተቱን በቡሎን ጎትቶ ማቀራረብ አካሉን ያጣምማል፣ ፕላጉም ይጠብቃል። ቡሎኖቹ በተቃራኒ ጥንድ፣ በየደረጃው ይጠበቁ።

በብየዳ የሚገጠም ከሆነ ፕላጉ ሙሉ በሙሉ ክፍት ይሁን፣ ፍንጣሪው መዝጊያውን እንዳይነካ። ቴፍሎን ያለውን አጠገቡ ከመበየዳችሁ በፊት የአምራቹን የሙቀት ገደብ አንብቡ። ግሪስ የሚወጋውን ስትገጥሙ ደግሞ ኒፕሉ (ግሪሱ የሚገባበት አፍ) ለሰው እጅና ለፓምፑ ቱቦ እንዲመች አድርጉ። ኒፕሉ ከግድግዳ ጋር ከተፋጠጠ ማንም ግሪስ አይወጋውም፣ ለእሱ የከፈላችሁት ሁሉ ይባክናል።

ከፍ ባለ ግፊት ለሚሠራ መስመር ግፊቱ የተመጣጠነ ፕላግ ጠይቁ። ተራው ሾጣጣ ፕላግ በመስመሩ ግፊት ተገፍቶ መቀመጫው ላይ ይቀረቀራል። በተመጣጠነው ዓይነት ግን ግፊቱ ከላይም ከታችም ስለሚደርስ ፕላጉ አይነክስም። ዋጋው ይጨምራል፣ ተገቢ ጭማሪ ነው።

ግሪስ አወጋጉ

ቫልቩ ሙሉ ክፍት ወይም ሙሉ ዝግ ሲሆን ይወጋ። ግማሽ ላይ ከቆመ ግሪሱ ወደ መስመሩ ይሾልካል። የኒፕሉን ቆብ ስትፈቱ ቀስ በሉ። የሚያፏጭ ነገር ከሰማችሁ ግፊቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው የውስጡ መቆለፊያ አይዝም ማለት ነው፤ ቆቡን መልሳችሁ አጥብቁ።

ከዚያ መለኪያውን አንብቡ። ግፊቱ ቀስ እያለ ከጨመረ ቦዮቹ እየሞሉ ነው። ጨምሮ በድንገት ቢወርድ ፕላጉ ተላቋል ወይም ግሪሱ ሾልኳል፤ ቫልቩን አንዴ አዙራችሁ ድገሙት። ጨርሶ ካልጨመረ ቦዮቹ ባዶ ናቸው፣ ወይም ግሪሱ ቀጥኗል፤ ወፈር ያለ ያስፈልጋል። ወዲያው ከተሰቀለ መንገዱ ተደፍኗል። ያኔ ለቫልቭ የተሠራ ማጽጃ ወግቶ ጊዜ መስጠት ነው እንጂ በጉልበት መግፋት አይጠቅምም።

አልዞር ያለ ቫልቭ ላይ እጀታው ላይ ቧንቧ ሰክቶ መታገል የተለመደ ነው። ዘንጉ የሚቆረጠው እንዲህ ሲደረግ ነው። መጀመሪያ ግሪስ፣ ከዚያ በቀስታ ወዲያና ወዲህ። አልፎ አልፎም ለፈተና ይዙር። ለዓመታት ያልተነካ ቫልቭ ችግር በመጣ ቀን አይታዘዝም።

ቴፍሎኑን የምመርጥበት ጊዜ

አለ። ግሪስ እንዲነካው የማይፈለግ ንጹህ ኬሚካል ወይም መድኃኒት ከሆነ ክርክር የለውም፣ ቴፍሎኑ ነው። ለአሲድም ቴፍሎኑ ይሻላል። ለዚህ ሥራ ከቦል ቫልቭም እመርጠዋለሁ፣ ምክንያቱም ፈሳሽ የሚታቆርበት ባዶ ቦታ በውስጡ የለም። ግሪስ የሚወጋ ባለሙያ የማትቀጥሩ ከሆነም ቴፍሎኑን ግዙ። ያልተወጋ ግሪስ ቫልቭ ከቴፍሎኑ ይብሳል። ትርፍ ስሊቭ ግን ከቫልቩ ጋር አብራችሁ ግዙ። በኋላ ለብቻው ስትፈልጉት ዋጋውም የመድረሻ ጊዜውም ያስቆጣችኋል።

ለፍሳሽና ለዝቃጭ ሁለቱንም ተዉአቸው። እዚያ ላይ ጎማ የለበሰ ግማሽ ፕላግ ያለው ቫልቭ ነው የሚሠራው። ሲገጠም ዘንጉ አግድም ይሁን፣ ሲከፈት ፕላጉ ወደ ላይኛው በኩል ይውጣ፤ አለዚያ ዝቃጩ ሥሩ ይደርቃል። መቀመጫው በየትኛው በኩል እንደሚሆን አካሉ ላይ ተጽፏል፣ የአምራቹ መመሪያም ለንጹህ ውሃና ለዝቃጭ ለየብቻ ያስቀምጠዋል።

የግዢ ጥያቄ ስትጽፉ እንግዲህ «8 ኢንች ፕላግ ቫልቭ» ብላችሁ አትተዉት። የቀዳዳውን ዓይነት፣ የሚያልፈውን ፈሳሽና ሙቀቱን፣ የመጀመሪያ ግሪሱን ስምና መጠን፣ ማርሹን፣ ትርፍ ኒፕሎችን፣ 3.1 ሰርተፍኬቱን፣ የፈተናውን ወረቀት ሁሉ ጻፉ። ያልጻፋችሁትን ሻጩ በርካሹ ይሞላዋል።