ለደቻቱ ጎርፍ፦ ግንብ የሚል እጩ ወይስ እርከን የሚል?

ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ በ1998 ጎርፉ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። ስለዚህ ለድሬዳዋ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲናገር ቀድሜ የምጠይቀው ጎርፉን በግንብ ነው ወይስ በእርከን የምትከላከለው የሚለውን ነው።

የወንዝ ዳር ግንብ፦ ውድ ነው፤ ግን በአንድ የምርጫ ዘመን ያልቃል፣ ሪባንም ይቆረጥበታል። ጣጣው አሸዋው ነው። ደለል የወንዙን ወለል ከፍ ባደረገ ቁጥር ግንቡ ያጥራል። የጠረጋ በጀት ያልጠቀሰ እጩ ግማሹን ብቻ ነው የነገረን።

እርከንና ችግኝ፦ ርካሽ ነው፣ ውኃውን ከላይ ያሰርጋል። ሆኖም ዓመታት ይፈጃል፤ ፍየልም አይምረውም። ደግሞ ጎርፉ የሚነሳበት ደጋ በአብዛኛው ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፤ ምክር ቤቱ ብቻውን አያዝዝበትም።

ወንዙ ዳር ለሚኖር፣ ከፊራ ገበያ ለሚነግድ የግንቡ እጩ ይሻለዋል፤ በገጠር ቀበሌ ለሚያርስ ወይም የጉድጓድ ውኃ መጉደል ለሚያሳስበው የእርከኑ።