የጸሎት መጽሐፌ፦ ይዘቱ ግሩም፣ ጥራዙ ደካማ

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ በታዘዘ ጊዜ፣ በሰሙነ ሕማማት ዋዜማ ከአንድ የንዋያተ ቅድሳት መሸጫ የገዛሁትን፣ ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን የታተመበትን የጸሎት መጽሐፍ እስካሁን እየተጠቀምኩበት ስለሆነ፣ ብልጫውንም ጉድለቱንም ለመናገር እደፍራለሁ።

መጽሐፉ የዘወትር ጸሎትን፣ ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለውን ውዳሴ ማርያምንና መዝሙረ ዳዊትን አንድ ላይ ይዟል። ካህን በሌለበት ቤት ለሚጸልይ ሰው ታስቦ በመሰናዳቱ፣ የት እንደሚሰገድና «ኪርያላይሶን» ስንት ጊዜ እንደሚባል በቀይ ቀለም ያመለክታል። ሚያዝያ 9 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ ነጠላችንን አጣፍተን፣ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ መልሰን ሳሎናችን ውስጥ ስንሰግድ፣ ወንድሜ ግእዙን ሲያነብ እናቴ የአማርኛውን ዓምድ በጣቷ እየተከተለች ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር፤ ለእኔ የመጽሐፉ ዋጋ ያኔውኑ ተመልሷል።

ጥራዙ ግን ያሳዝናል። በሙጫ ብቻ የተጣበቀ በመሆኑ የሐሙስ ውዳሴ ማርያም ገጾች በሦስተኛው ወር ተገነጠሉ፤ ባለሱቁም «ሲገልጡት ቀስ ይበሉ» ከማለት ያለፈ መፍትሔ አልሰጡኝም። ፊደሉም ደቃቅ ስለሆነ በጧፍ ብርሃን ለማንበብ አይመችም። ለአረጋውያን የሚገዛ ሰው በክር የተሰፋውንና ፊደሉ ጎላ ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል።