ደሴ ፒያሳ 16 ጊጋ ራም ልገዛ ሄጄ በ8 ተመለስኩ

ቤት ያለችን ኮምፒዩተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3020 ናት። ስላሽ ናት፣ ስንገዛትም አሮጌ ነበረች። ፕሮሰሰሯ (ዋናው አንጎሏ) የኢንቴል ኮር አይ3፣ አራተኛ ትውልድ፣ 4 ጊጋ ራም (ሜሞሪ)። ባለቤቴ የሱቋን ሂሳብ በኤክሴል ትይዝባታለች፣ ልጄ ይማርባታል፣ እኔ ማታ ማታ ዩቲዩብ አይባታለሁ፤ አንዳንዴ ሥራም እሠራለሁ። ከክረምት ወዲህ ግን ጉድ አፈላች። አብርተናት አቦል ጠጥተን ቶና ላይ ስንደርስ ነው የምትነቃው። ክሮም ላይ አምስት ስድስት ታብ ከተከፈተማ ሃንግ ታደርግና ቁጭ ነው።

ምክር ደግሞ አይጠፋም። ጎረቤት 8 ጊጋ አድርገው አለ። የሥራ ባልደረባዬ ከ16 በታች እንዳትነካ አለኝ። ጌም ወዳዱ የእህቴ ልጅ 32 ብሎ አረፈው።

መጀመሪያ የገባሁበትን ሱቅ ስም አልጠራም። ልጁ ኮምፒዩተሯን ሳያያት 8 ጊጋ ዲዲአር 3 (የእሷ ዘመን የራም ዓይነት) አውጥቶ ሰጠኝ፣ ዋጋው ረከስ ያለ ነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ሰካሁት። ስክሪኑ ጥቁር። የማብሪያዋ መብራት ብርቱካናማ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ቦታ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ልመልሰው ስሄድ «አንተ ስትሰካው አቃጥለኸው ይሆናል» ተባልኩና ተናድጄ ወጣሁ።

እንግዲህ አሁን የምጽፍላችሁ በማግስቱ ሰው ጠቁሞኝ ስለሄድኩባት ጥገና ቤት ነው። ፒያሳ፣ ደረጃ ወጥታችሁ የምትገቡባት ጠባብ ክፍል ናት፤ በየጥጉ የተፈታ ላፕቶፕ ተከምሯል፣ መቀመጫው አንድ በርጩማ ብቻ ነው። ልጁ ራሙን ተቀብሎ መስኮቱ ጋ ወሰደና ገልበጥ አድርጎ አየው። «ጋሼ፣ አልተቃጠለም። ይሄ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ላላቸው ብቻ የሚሠራ ነው፣ የርስዎ ኢንቴል ናት» አለኝ። ለካ ዲዲአር 3 ሆኖም እንዲህ ዓይነት አለ! ርካሽ የሆነበት ምክንያት እሱ ነው። ዲዲአር 4 ቢሆንማ የጥርሱ ክፍተት ቦታው ስለሚለይ ገና ስሰካው እንቢ ይለኝ ነበር። ይሄኛው ግን እየሳቀ ገብቶ ነው ጉድ የሠራኝ።

«በቃ ኦሪጅናል 16 አድርግልኝ» አልኩት። «አብሽር፣ መጀመሪያ እንያት» አለና አስነሳት። ከዛ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭኖ ራሙና ዲስኩ ምን ያህል እንደተያዘ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈተና ወንበሩን ለቀቀልኝ። ቤት የምትሠሩትን ሁሉ አሁን እዚሁ ይሥሩ አለኝ። እኔም አላፈርኩም፤ የባለቤቴን ኤክሴል ከፍላሽ ከፈትኩ፣ ዎርድ፣ ክሮም ላይ አሥራ ሁለት ታብ፣ አንዱ ላይ ቪዲዮ። ሜሞሪው 90 ከመቶ አለፈ። ሃርድ ዲስኩ ደግሞ 100 ላይ ተገትሮ ቀረ።

ያስረዳኝን አልረሳውም። ራም ማለት ሰኞ ገበያ ነጋዴው ፊቱ የዘረጋት ዕቃ ናት አለኝ፣ እጁን ሰዶ ያነሳታል። ቦታው ሲሞላ ግን የተረፈውን መጋዘን ይከታል፣ ደንበኛ በጠየቀው ቁጥር እየሮጠ ማምጣት ነው። ኮምፒዩተሯም ራሙ ሲሞላባት ትርፉን ወደ ሃርድ ዲስክ ትገፋዋለች፣ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ጎታታ ነው። ሃንግ የሚያደርጋት ይሄ ሩጫ ነው።

ከዛ የራሱን ሁለት ባለ 8 ሰካና ያንኑ ሥራ ድገም አለኝ። ከ16ቱ ጊጋ የተያዘው ከ6 ትንሽ በለጥ አለ። ቀጥሎ ሁለት ባለ 4 ሰካ፣ ከ6 በታች ቆመ፣ ፍጥነቱም በእኔ ዓይን አንድ ነው። «ታዲያ የቀረው 10 ጊጋ ምን ሊሠራልዎ ነው?» አለና አንድ ባለ 4 ብቻ ሸጠልኝ። ከነበረው ጋር እኩል ሆኖ ጥንድ ሲሆን ይሻላል፤ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌላት ማሽን ለስክሪኑም ከዚሁ ራም ስለምትቆርስ ጥንዱ ይረዳታል። በተረፈው ብር ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስኩ ፋንታ የሚገባ ፈጣን ማስቀመጫ) ግዛ አለኝ፣ ገዛሁ። እውነቱን ለመናገር ቤተሰቡ በሙሉ የታዘበው ለውጥ ከራሙ ይልቅ የኤስኤስዲው ነው፤ አሁን አቦሉ ሳይቀዳ ተነስታ ትጠብቀናለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር፣ ዊንዶውሳችሁ 32 ቢት ከሆነ ራም ብትከምሩም ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምላችሁም። መጀመሪያ 64 ቢት አስጭኑ።

ዊንዶውስ 11 ዝቅተኛው 4 ጊጋ ነው ይላል። በ4 ይነሳል፣ መሥራቱን ግን እርሱት። የእኔን ዓይነት አራተኛ ትውልድ ደግሞ ራም ቢሞላም በይፋ አይቀበልም፣ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ዊንዶውስ 10 ላይ ነን። የሱም መደበኛ የደህንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ስላበቃ ባንክ ነክ ነገር በስልክ ብቻ አድርገነዋል።

8 ለሁሉም ይበቃል እያልኩ አይደለም። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማረው የጎረቤቴ ልጅ አውቶካድ (የንድፍ መሳያ ፕሮግራም) ይሠራል፣ እሱ 16 ይፈልጋል። ሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብሩም እንደዛው። ለኤክሴል፣ ለትምህርትና ለዩቲዩብ ግን 32 ማለት ለአንድ ኩንታል ጤፍ አይሱዙ መከራየት ነው።

ጥገና ቤቷ እንከን የላትም አልልም። አንድ ሰዓት ከምናምን ቆሜ ጠብቄያለሁ፣ በርጩማዋ ላይ ሌላ ሰው ነበር። መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ ሁሉን ከሀ ጀመርን። ደረሰኝ ብዬ ብጠይቅ የካርቶን ቁራጭ ላይ የራሙን ዓይነትና ቀኑን ጽፎ «ሦስት ወር፣ ከተበላሸ ይምጡ» ብሎ ፈረመልኝ። ጋራንቲዬ ካርቶን ነው። ሄዳችሁ ስትከራከሩ ግን አይቆጣም፣ እሱን አረጋግጫለሁ። ከአምስት አራት ሰጥቻታለሁ።

ያ የኤኤምዲው 8 ጊጋ መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቷል። ዲዲአር 3 የሚወስድ ባለ ኤኤምዲ ዴስክቶፕ ያላችሁ ካላችሁ ለአንድ ሻይ እሰጣችኋለሁ።