ለጎዳና ፎቶ የትኛዋ ትሻላለች? ፉጂ ኤክስ-ኤም5፣ ሪኮ ጂአር 3 እና ሶኒ ኤ6400

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ለእረፍት ሲመጣ ፉጂፊልም ኤክስ-ኤም5 የምትባል ካሜራ ይዞ መጣ። "እኔ ዘመድ ጠይቄ እስክጨርስ አንተ ተጫወትባት" ብሎ ሰጠኝ። ዘመዳችን ብዙ ስለሆነ 12 ቀን እኔ ጋ ቆየች።

እኔ ሁለት ካሜራ አለኝ። ኪሴ ውስጥ የምትኖረው ሪኮ ጂአር 3 ናት። ሰርግና ምርቃት የምሠራበት ደግሞ ሶኒ ኤ6400 ነው። "ለጎዳና ፎቶ ምን ልግዛ?" የሚለኝ ሰው ብዙ ስለሆነ ሦስቱንም ይዤ ፒያሳን፣ መርካቶንና መገናኛን ዞርኩ። በአንድ ቀን አይደለም፤ በየተራ ነው። ሦስት ካሜራ አንጠልጥሎ መርካቶ የገባ ሰው ፎቶ አያነሳም፤ ካሜራ ሲጠብቅ ነው የሚውለው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የሦስቱም ሴንሰር (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል) ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው መጠን ነው። ሪኮና ሶኒ 24 ሜጋፒክስል ናቸው፤ ፉጂ 26። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፋችሁ ወይም በኤ3 ወረቀት አሳትማችሁ የቱ በየቱ እንደተነሳ መለየት ይከብዳል። ስለዚህ የጥራት ክርክር ውስጥ አልገባም። ጎዳና ላይ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ካሜራው ሲወጣ የሰዉ ፊት ይቀየራል ወይስ አይቀየርም?

ሶኒውን ይዤ ምናለሽ ተራ ስገባ፣ ገና ከአንገቴ ሳላነሳው "ለየትኛው ጣቢያ ነው?" ተባልኩ። ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ የነበረው ሰውዬ መዶሻውን አስቀምጦ ኮሌታውን አስተካከለ። ፎቶው እዚያው ሞተ።

በፉጂዋ ነገሩ ለዘብ ይላል። የአክስቴ ልጅ የያዛት ብርማዋን ነው። "የድሮ ናት እንዴ? ፊልም ነው የምትበላው?" የሚል አይጠፋም። ጨዋታ ትከፍታለች። ግን ትታያለች።

ሪኮዋን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። ለገሃር አካባቢ ጫማዬን የሚጠርግልኝ ልጅ አገላብጦ አያትና "ጋሼ፣ ይቺ ነገር ትሠራለች?" አለኝ። ለጎዳና ካሜራ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ አላውቅም።

ቁጥሩም ይህንኑ ነው የሚለው። ሪኮ ከነባትሪዋና ከነሚሞሪዋ 257 ግራም ናት፤ ውፍረቷ 33 ሚሊሜትር። የሱሪ ኪስ ትገባለች። ፉጂ ኤክስ-ኤም5 ያለ ሌንስ 355 ግራም ናት። ከፉጂ ትንንሽ ሌንሶች አንዷን፣ ባለ 27 ሚሊሜትሯን ስትጨምሩ 439 ግራም ትደርሳለች፤ ውፍረቷም ወደ 6 ሴንቲሜትር ይጠጋል። የጃኬት ኪስ እንጂ የሱሪ ኪስ አትገባም። ሶኒው ብቻውን 403 ግራም ነው። ከነሌንሱ ግማሽ ኪሎ ያልፋል፤ አንገት ላይ ካልሆነ ቦርሳ ውስጥ ነው ቦታው።

የሪኮ ሌንስ አይነቀልም። 28 ሚሊሜትር የሚባለውን ሰፊ እይታ ነው የሚሰጣችሁ፤ ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል። ሰው ፍሬሙን እንዲሞላ ከፈለጋችሁ ሁለት ሜትር፣ ሲብስም አንድ ሜትር ተኩል ድረስ መጠጋት አለባችሁ። በጠባብ መተላለፊያ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ቤት ውስጥ ግሩም ነው። ግን ድፍረት ይጠይቃል። ጀማሪ ከሆናችሁ የመጀመሪያው ወር ፎቶዎቻችሁ ግማሹ ሰማይ፣ ግማሹ አስፋልት ይሆናል። ይህ 28 በትልቁ ሴንሰር (ፉል ፍሬም) ልኬት ነው፤ በዚያው ልኬት የፉጂዋ 27 ሚሊሜትር ግን እንደ 41 ሚሊሜትር ጠበብ አድርጋ ነው የምታየው። አንድ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ታስቆማችኋለች። ለዓይናፋር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሪኮም ለዚህ ብሎ በፈረንጆቹ 2021 ጂአር 3 ኤክስ የምትባል ባለ 40 ሚሊሜትር እህት አውጥቷል፤ አካሏ ያው ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ፎከስ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ እኔ ከሪኮ ጋር የተጋባሁት በዚህ ምክንያት ነውና። ሪኮ ላይ ስናፕ ፎከስ የሚባል ነገር አለ። ርቀቱን ቀድማችሁ ትሞላላችሁ፤ ለምሳሌ 2 ሜትር። ከዚያ የሹተሩን ቁልፍ በአንዴ እስከ ታች ስትጫኑት ካሜራዋ ፎከስ አትፈልግም። 2 ሜትር ላይ አድርጋ ታነሳለች፤ በቃ። አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ8 ላይ ካደረጋችሁ ከ1 ሜትር አካባቢ ጀምሮ እስከ ሩቁ ድረስ ያለው ሁሉ ደህና ጥርት ይላል። ሌንሷ ሰፊ ስለሆነ ነው። ስክሪኑን ማየት ሁሉ ላያስፈልግ ይችላል። እጃችሁን ወገባችሁ ጋ አድርጋችሁ እየሄዳችሁ ማንሳት ነው።

ፉጂዋ ላይ ይህንኑ በማኑዋል ፎከስ ሞከርኩት። ያው 2 ሜትር፣ ያው ኤፍ8። 27 ሚሊሜትሩ ግን ጥርት የሚልላችሁ በግምት ከ1.4 እስከ 3.5 ሜትር ያለውን ብቻ ነው። ሰውዬው አንድ እርምጃ ከቀረበ ወይም ከኋላው ያለውን ሰውም ከፈለጋችሁ ሳታችሁት ማለት ነው። ስለዚህ ፉጂዋን በአውቶፎከስ መጠቀም ይሻላል። እሱም ቢሆን ጥሩ ነው፤ ፊትና ዓይን ይይዛል፤ መኪና፣ ሞተርና ብስክሌት ለይቶ የሚከታተልም አለው። ከተማችን በሞተር በተሞላበት ዘመን ይህ ቀልድ አይደለም።

በአውቶፎከስ ሶኒውን ግን የሚደርስበት የለም። ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በ2019 ነው። ቢሆንም አንዴ የያዘውን ፊት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ሰው እየጋረደውም አይለቅም። ጎዳና ላይ አላስፈላጊ ብልጠት ይመስለኛል። የሚሮጥ ልጅ ለሚያነሳ ሰው ግን ሌላ ምርጫ አልነግረውም።

አሁን ወደ ፀሐዩ። ፉጂዋም ሪኮዋም ቪውፋይንደር (ዓይን አስጠግቶ የሚታይበት መስኮት) የላቸውም። ስድስት ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ቆማችሁ ስክሪን ለማየት ሞክሩ፤ የምታዩት የራሳችሁን ፊት ነው። ሪኮን ስናፕ ፎከሷ ያድናታል። በፉጂዋ ግን ተቸገርኩ። በመዳፌ እየጋረድኩ፣ ጃኬቴ ውስጥ እያስገባሁ ነበር የማየው። ሰዉም "ምን ሆኖ ነው?" እያለ ዞር ይላል። ሶኒው ቪውፋይንደር አለው፤ ዓይንን አስጠግቶ ማየት ነው፤ ያ ሰዓት የእሱ ነው።

ስክሪኗን ካነሳን አይቀር አንድ ቅሬታ አለኝ። የፉጂዋ ስክሪን እንደ በር ወደ ጎን የሚከፈት ነው። ራሱን ለሚቀርጽ ሰው ተመችቷል። ጎዳና ላይ ግን ስክሪኑን ዘርግቶ የቆመ ሰው ከሩቅ ያስታውቃል። አራት ኪሎ በቆሎ የሚጠብሱ አንዲት እናት ገና ሳነጣጥር "ልጄ፣ እኔን ነው?" አሉኝ። አስፈቅጄ አነሳኋቸው። አንድ በቆሎም ገዛሁ። የሶኒው ስክሪን ወደ ላይ ስለሚነሳ ወገብ ጋ ይዛችሁ፣ አንገታችሁን ደፍታችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። ስልኩን የሚያይ ሰው ነው የምትመስሉት።

ቀለም ላይ ስንመጣ ግን ፉጂዋ ታሸንፋለች። ከላይ በግራ በኩል የፊልም ቀለሞች ብቻ የሚቀየሩበት መዘውር አላት። ክላሲክ ክሮም፣ ሪያላ ኤስ፣ ኖስታልጂክ ኔግ... በጠቅላላው 20 ናቸው። ኮምፒውተር ላይ ሳልነካቸው የላክኋቸው ፎቶዎች አሉ። የጠይም ፊት ቀለም በሪያላ ኤስ ደስ ይላል፤ አይነጣም፣ ብርቱካንማም አይሆንም። ሪኮ ፖዚቲቭ ፊልም የሚባል የቀለም ምርጫ አላት፤ ሰማዩን ያደምቃል፣ ፊት ላይ ግን ይጠነክራል። እኔ ሪኮን በጥቁርና ነጭ ነው የምወዳት። የጃፓኑ የጎዳና ፎቶ አንሺ ዳይዶ ሞሪያማ ለብዙ ዓመታት የጂአር ካሜራዎችን ይዞ በዚያ ጠቆር ባለ ጥቁርና ነጭ ማንሳቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

የትኛውንም ብትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ። እሑድ ጠዋት ነጠላ የለበሱ እናቶችን ስታነሱ ካሜራው ነጩን አይቶ ይደነግጥና ፎቶውን ያጨልመዋል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊታቸው ይጠፋል። ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን የሚባለውን የብርሃን ማስተካከያ ወደ ፕላስ ሁለት ሦስተኛ (+0.7) ያህል ጨምሩ። ይህ ማስተካከያ ሦስቱም ላይ አለ።

ማታ ላይ ሪኮና ባለ 27ቷ ፉጂ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ኤፍ2.8 ናቸው። ሪኮ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ሲስተም አላት፤ ፉጂና ሶኒ አካላቸው ውስጥ ይህ የለም። ግን የቆመ ሕንፃ እንጂ የሚራመድ ሰውን አያቆምላችሁም። ፉጂና ሶኒ በአንጻሩ የበለጠ ብርሃን የሚያስገባ ኤፍ2 ወይም ኤፍ1.4 ሌንስ መቀበል ይችላሉ።

ባትሪ። ኩባንያዎቹ በሚሰጡት ግምት ሪኮ 200 ፎቶ፣ ፉጂ 330፣ ሶኒ 410 ያህል ያነሳሉ። የሪኮ ትንሽ ነው፤ ሁለተኛ ባትሪ የግድ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ሪኮና ፉጂ በዩኤስቢ-ሲ ከፓወር ባንክ ይሞላሉ። የሶኒው ቀዳዳ የድሮው ማይክሮ ዩኤስቢ ነው፤ ያንን ገመድ ዛሬ ከማን ትዋሳላችሁ?

ክረምትና አቧራ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ባለ 27ቷ የፉጂ ሌንስ ጠብታ ትችላለች፤ ኤክስ-ኤም5 ራሷ ግን አትችልም፤ ስለዚህ ጥቅም የለውም። ሪኮም ዝናብም አቧራም አትችልም። ካሜራዋ ስትበራ ሌንሷ ስለሚወጣና ስትጠፋ ስለሚገባ አቧራ ይዞ ይገባል፤ ሌንሱ ስለማይነቀል ደግሞ ሴንሰሩን ራሳችሁ ማጽዳት አትችሉም። ተጠቃሚዎቿ በየሀገሩ የሚያማርሩበት ጉዳይ ነው። እኔ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ነው የምይዛት።

ዋጋው? ሲወጡ የነበረውን ልንገራችሁ። ሪኮ ጂአር 3 በ2019 በ899 ዶላር ነበር የወጣችው። ሶኒውም በዚያው ዓመት፣ ያለ ሌንስ፣ በ899። ፉጂ ኤክስ-ኤም5 በ2024 መጨረሻ በ799 ወጣች፤ 27 ሚሊሜትሯን በ399 ስትጨምሩባት 1,198 ይሆናል። ከ15-45ቷ ዙም ጋር ከሆነ 899 ነው፤ ያቺ ሌንስ ግን በሞተር የምትዘረጋ ስለሆነች ለጎዳና ዘገምተኛ ናት። በ2025 የወጣችው አዲሷ ጂአር 4 ወደ 1,500 ዶላር ስለገባች ከዚህ ውድድር ውጭ አድርጌያታለሁ።

እዚህ ሀገር አብዛኞቻችን የምንገዛው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው በኩል ነው። ዋስትና የለም ብላችሁ አስቡ። ሌንስ መዋስም አለ። እኔ የማውቃቸው ልጆች ሶኒና ካኖን ነው የያዙት፤ የፉጂ ሌንስ የሚያውሰኝ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ።

ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ፣ ሌላ የሥራ ካሜራ ካላችሁ ሪኮን ግዙ። ሁልጊዜ አብራችሁ ስለምትሆን ብዙ ታነሳላችሁ። ካሜራችሁ አንድ ብቻ ከሆነና በእሱ ቪዲዮም ሠርታችሁ ትንሽ ገንዘብ ማግኘት ካሰባችሁ ፉጂዋን። 6.2ኬ ጥራት ያለው ቪዲዮ ትቀርጻለች፣ ለቲክቶክ የሚሆን የቆመ ቪዲዮም አላት፤ የሪኮ ቪዲዮ ግን ከ1080 (ወደ 2ኬ) አያልፍም፣ ለስሙ ነው። ሶኒውን ለጎዳና ብላችሁ አዲስ አትግዙ። ደህና ዩዝድ በደህና ዋጋ ካገኛችሁ ግን አልከለክላችሁም።

ዩዝድ ሪኮ የሚሸጥላችሁ ሰው ካገኛችሁ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ውጭ ውጡ። አፐርቸሩን ኤፍ16 ላይ አድርጋችሁ ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ፤ ከዚያ ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አጉሉት። ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ አቧራው ገብቷል ማለት ነው። አሥር ጊዜ አጥፍታችሁ አብሩትና ሌንሱ ሳይንገጫገጭ መውጣት መግባቱን አዳምጡ። ሚሞሪውን ደግሞ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ አንዴ "64 ጊጋ ኦሪጅናል" ተብዬ የገዛሁት ሚሞሪ 8 ጊጋ ሆኖ ተገኝቷል፤ የጥምቀት ፎቶዎቼ ግማሹ እዚያ ቀሩ።