ለመንታ ሁለት ሄልሜት፦ ከወራት በኋላ የምለው

መንታ ልጆቼ ማሙሽና ሚሚ የተዘረገ ጭንቅላታቸውን ቅርጽ የሚያስተካክል ሄልሜት አድርገው ነበር። መጀመሪያ ፍርዴን ልናገርና ልገላገል። ለማሙሽ ሄልሜት የወጣው ገንዘብ አይቆጨኝም። ለሚሚ የወጣው ይቆጨኛል። የሁለቱም ሄልሜት ዓይነቱ አንድ ነው፤ በአንድ ቀን ከአንድ ክሊኒክ ነው የተረከብነው።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጆቹ የተወለዱት በ34ኛው ሳምንት ነው። ማሙሽ ማሕፀን ውስጥ ከታች ነበር፤ እህቱን ተሸክሞ ነው የከረመው ማለት ይቻላል። ሲወጣ አንገቱ ወደ ቀኝ ዞሮ ቀርቷል። ቶርቲኮሊስ ይሉታል፤ በአንድ በኩል ያለው የአንገት ጡንቻ ሲያጥር የሚመጣ ነው። ስለዚህ ሲተኛ ሁሌም ወደ ቀኝ ነው። በሦስተኛው ወር ገላውን ሳጥበው ከላይ አየሁት። ጭንቅላቱ በስተኋላ በቀኝ በኩል ዝርግ ብሏል፤ ቀኝ ጆሮው ደግሞ ወደ ፊት ሄዷል። የሚሚ ቀለል ያለ ነበር። ካልነገሩት ማንም አያየውም።

መንታ ላይ ይህ ይበዛል። ማሕፀን ይጠባቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ቀናቸው ሳይደርስ ይወለዳሉ። ደግሞ ሁለት ሕፃን ቀኑን ሙሉ ታቅፎ መዋል አይቻልም። አንዱ ሲጠባ ሌላው ተጋድሞ ተራውን ይጠብቃል።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልታርሰኝ መጥታ ነበር። ነገሩ አልተዋጠላትም። «አንቺን በአንቀልባ አዝዬ ነው ያሳደግሁሽ። ጭንቅላትሽ ምን ሆነ?» አለችኝ። ግማሽ እውነት አላት። የታዘለ ልጅ ጭንቅላቱ ፍራሽ ላይ አይውልም። እዚህ አገር ግን የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕፃናት በጀርባቸው ይተኙ ይላል። ከዚያ ወዲህ ተኝተው በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በጣም ቀንሷል፤ ጭንቅላቱ የሚዘረግ ሕፃን ደግሞ በዝቷል። እኔ ይህን ልዋጭ እቀበላለሁ። እማዬንም ቀን ቀን እያዘለች እንድትውል ለመንኳት። ደስ ብሏት ዋለች።

ሄልሜቱ ዝም ብሎ አይታዘዝም። መጀመሪያ ሐኪሙ የራስ ቅሉ መጋጠሚያዎች ያለጊዜያቸው አለመዘጋታቸውን አረጋገጠ። ተዘግተው ቢሆን ጉዳዩ የቀዶ ሕክምና ነበር። ከዚያ ለሁለት ወር ፊዚዮቴራፒ፣ ነቅተው ሳሉ በሆድ ማጋደም፣ አልጋቸውን ማዞር፣ በግራም በቀኝም እያቀፉ ማጥባት። ኢንሹራንሱም ይህን መሞከራችንን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቋል። የማሙሽን ከፈለ። የሚሚን «ለውበት ነው» ብሎ መለሰው። 2,400 ዶላር ከኪሳችን ወጣ።

ለምን ከፈልሽ ብትሉኝ፣ ለጭንቅላቷ ብዬ አይደለም። ነገ አድጋ «ለሱ አድርጋችሁ ለኔ ለምን ተዋችሁ?» ብትለኝ ምን እላለሁ ብዬ ነው። መንታ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። አንዱ ካልሲ ሲገዛለት ለሌላውም ይገዛል።

ልኬቱ ቀላል ነው። ስስ ቆብ ያጠልቁላቸውና በካሜራ ያነሷቸዋል፤ ደቂቃ አይፈጅም። ሄልሜቱ ከውጭ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ከውስጥ ስፖንጅ ነው። ሰው ጭንቅላት የሚጨምቅ ይመስለዋል። አይጨምቅም። የወጣውን ቦታ ነክቶ ይይዛል፤ ዝርግ የሆነው ጋ ክፍተት ይተዋል። ጭንቅላቱ ሲያድግ ወደ ክፍተቱ ያድጋል። ስለዚህ ሥራውን የሚሠራው እድገቱ ነው። የራስ ዙሪያ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በወር ወደ 2 ሴንቲሜትር፣ እስከ ስድስት ወር 1፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚጨምረው። እኛ በአምስት ወር ተኩል ጀመርን። ከዚያ በላይ አለመዘግየታችን ጥሩ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ማድረግ፣ አንድ ሰዓት ማውለቅ። በሳምንት ውስጥ በቀን 23 ሰዓት ይደርሳል። የቀረችዋ አንድ ሰዓት ለገላ መታጠብ፣ ቆዳ ለማየትና ሄልሜት ለማጽዳት ናት። ቆዳው ላይ የቀላ ቦታ ካለና በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ክሊኒኩ ይደወላል። እኛ አምስት ጊዜ ደውለናል። በየሁለት ሳምንቱም ሄደን ስፖንጁን ያስተካክሉልናል።

አሁን ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። ይሸታል። የኛ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ነበር፤ የሜሪላንድ በጋ ደግሞ ወበቅ ነው። ማታ ስናወልቀው ቤቱ የቆየ አይብ ይሸታል። በአልኮል ጠርጎ ማራገቢያ ፊት ማድረቅ ብቻ ነው የሚረዳው። ማጥባትም ተቸገርኩ፤ ያ ጠንካራ ፕላስቲክ ክንዴን አበለዘው። ማሰሪያው ሦስት ወር ሳይሞላው መልቀቅ ጀመረ፤ ሚሚ በራሷ መፍታት ተማረች። ሌሊት ያ የማሰሪያው ድምፅ «ጭርርር» ሲል እንነሳለን። ማሙሽ ግን አንድ ቀንም አልነካውም።

ትልቁ ጥፋት የኔ ነው። ሁለቱም ሄልሜት ነጭ ነበር። አንዱ ላይ «ማ»፣ ሌላው ላይ «ሚ» ብዬ ጻፍኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በእንቅልፍ ዓይን፣ ማ እና ሚ አንድ ናቸው። ጠዋት ሚሚ ጆሮዋ ጀርባ ቀልቶ ተገኘች፤ የወንድሟን አድርጋ ነው ያደረችው። በዚያው ቀን አንዱን አረንጓዴ፣ ሌላውን ቢጫ ፕላስተር ዞርንበት። መንታ ካላችሁ ከመጀመሪያው ሁለት ቀለም እዘዙ።

ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ «ውይ፣ ወድቀው ነው?» የማይል የለም። አንዲት እናት «እግዜር ይማራቸው» ብለው አልቅሰውልናል። ዓይን ይበላቸዋል ብላ እማዬ በነጠላዋ ትሸፍናቸው ነበር፤ በዚያ ሙቀት።

ውጤቱስ? የማሙሽ የግራና የቀኝ ልዩነት 13 ሚሊሜትር የነበረው በአራት ወር 5 ሆነ። ጆሮዎቹም ትይዩ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው። የሚሚ ከ7 ወደ 4 ወረደ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት አለ። 84 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ ሄልሜት አደረጉ፣ ግማሾቹን እንዲሁ ተዉ። በሁለት ዓመታቸው ሙሉ በሙሉ የተስተካከለላቸው ሄልሜት ካደረጉት 26 በመቶ፣ ካላደረጉት 23 በመቶ ናቸው። ልዩነት የለም ማለት ነው። ይህን ያነበብኩት ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ጥናቱ ያለጊዜያቸው የተወለዱትን፣ ቶርቲኮሊስ ያለባቸውንና በጣም የከፋባቸውን አላካተተም፤ ስለዚህ የማሙሽን አይመለከትም። ሚሚም ያለጊዜዋ ነው የተወለደችው። ግን አንገቷ ደህና ነው፣ በቀኝም በግራም ትዞራለች፣ ልዩነቷም ትንሽ ነበር። እሷን ነቅታ ሳለች በሆዷ እያጋደምኩና እያዘልኩ ብጠብቅ እዚያው ትደርስ ነበር ብዬ አምናለሁ። ማረጋገጫ የለኝም። የሷን ያለ ሄልሜት የሚያሳየኝ ሦስተኛ ልጅ አልወለድኩም።

ስለዚህ አንገቱ ለዞረ፣ ጆሮው ለሸሸ ልጅ አድርጉ፣ ቶሎም አድርጉ። ለሌላው መንታ ግን ኢንሹራንሱ እምቢ ሲል ትንሽ አስቡ፤ ለእኩልነት ብላችሁ እንደኔ አትክፈሉ።

እማዬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እርግብግቢታቸው ላይ ቅቤ ልታደርግ ስትል፣ እኔ ስፖንጁ ይበላሻል እያልኩ ስከለክላት ነበር። የመጨረሻው ቀጠሮ ነሐሴ ውስጥ ነበር። ሄልሜቶቹን በፌስታል ይዘን ቤት ስንገባ ቅቤው ቀልጦ፣ በሲኒ ሆኖ፣ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀን ነበር።