ለነባር ፕሮግራመሮች የሚጻፍ መጽሐፍ የት ይታተም? አሳታሚ፣ ኬዲፒ ወይስ ሊንፐብ

ለጀማሪ የሚጻፍ የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ ገዢው ብዙ ነው፤ ተፎካካሪውም እንደዚያው። ዓመታት ኮድ ሲጽፍ ለኖረ ሰው የሚጻፈው ግን ገበያው ጠባብ ነው። ገዢው ጥቂት ቢሆንም 40 ዶላር ለመክፈል አያቅማማም። ስህተት ካገኘ ደግሞ በቀላሉ አይለቃችሁም። ስለዚህ ሦስቱን መንገዶች ሳነጻጽር ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ውድ መጽሐፍ ላይ ምን ይተርፈኛል? ስህተቴንስ ማን ቀድሞ ይይዝልኛል?

ከገንዘቡ እንጀምር።

የአማዞን የራስ ኅትመት አገልግሎት የሆነው ኬዲፒ ለዲጂታል ቅጂ 70 በመቶ ይከፍላል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ልክ ነው። ግን በአሜሪካ ገበያ ይህ የሚሠራው ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ሲሆን ነው። ከዚያ ካለፈ ክፍያው ወደ 35 በመቶ ይወርዳል። በ9.99 ስትሸጡ 7 ዶላር ገደማ ታገኛላችሁ። ዋጋውን 15 ዶላር ብታደርጉት ግን የሚደርሳችሁ 5.25 ብቻ ነው! የ9.99ኙን ያህል ለማግኘት ወደ 20 ዶላር መጠጋት አለባችሁ። በመሃል ያለው ዋጋ ሁሉ ኪሳራ ነው። 40 ዶላር ብትሉት 14 ዶላር ትወስዳላችሁ። በ70 በመቶው ላይ ደግሞ በፋይሉ መጠን የሚቆረጥ የማድረሻ ክፍያ አለ። ዲያግራም የበዛበት መጽሐፍ ከሆነ ይህም ይሰማል።

ደራሲ መጽሐፉን ራሱ አሳትሞ የሚሸጥበት ድረ ገጽ የሆነው ሊንፐብ ላይ ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 80 በመቶ። ከ40 ዶላር 32ቱ የእናንተ ነው። ዝቅተኛውን ዋጋና የምትመክሩትን ዋጋ እናንተው ታስቀምጣላችሁ፤ ገዢው ከፈለገ ጨምሮ ይከፍላል። ገዢ በ60 ቀን ውስጥ ገንዘቡን ማስመለስ ስለሚችል ግን የመጀመሪያ ሳምንት ሽያጭ አይታችሁ አትፈንድቁ።

አሳታሚ ዘንድ የተለመደው ሮያሊቲ (የደራሲው ድርሻ) ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ እሱም መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ሳይሆን አሳታሚው እጅ ከገባው ገንዘብ ላይ ይሰላል። የ50 ዶላሩን መጽሐፍ አሳታሚው ለሻጭ በ25 ዶላር ካስረከበ ድርሻችሁ ከ2.50 እስከ 3.75 ነው ማለት ነው። ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። ፕራግማቲክ ቡክሼልፍ ለምሳሌ ከትርፉ ግማሹን ለደራሲው በማካፈል ይታወቃል።

በአንድ ቅጂ ሂሳብ ብቻ ከሄድን ነገሩ አለቀ፣ ደቀቀ፦ ሊንፐብ። ግን ሁለተኛው ጥያቄ አለ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ስለ ኮንከረንሲ (ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ስለማስኬድ) የምትጽፉት ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ትሬዶች፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሄዱ የአንድ ፕሮግራም ክፍሎች፣ አሉ። አንዱ ዳታ ይጽፍና «ዝግጁ ነው» የሚል ምልክት ያነሳል። ሌላው ምልክቱን ጠብቆ ዳታውን ያነባል። የሚያስፈልገውን የሜሞሪ ቅደም ተከተል፣ ማለትም የቱ ከየቱ ቀድሞ ለሌላው ትሬድ መታየት እንዳለበት፣ ግን ኮዱ ውስጥ አልገለጻችሁም። ኢንቴል ባለው ላፕቶፓችሁ ላይ ሺህ ጊዜ ብታስኬዱት ላይወድቅ ይችላል፤ የኢንቴል ፕሮሰሰር ዓይነት የሆነው ኤክስ86 ሜሞሪ ላይ በተከታታይ የተጻፉ ሁለት ነገሮችን ቅደም ተከተላቸውን ጠብቆ ነው ለሌሎች ኮሮች (የፕሮሰሰሩ ሌሎች ክፍሎች) የሚያሳየው። ሌላው የፕሮሰሰር ዓይነት፣ አርም፣ ላይ ግን ምልክቱ ከዳታው ቀድሞ ሊታይ ይችላል፤ አንባቢያችሁ አሮጌ ዳታ ያነባል። ዛሬ ብዙ ፕሮግራመር የሚሠራው በአርም ማሽን ላይ ነው። መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ «እዚህ ገጽ ላይ ያለው ኮድ ስህተት ነው» የሚል ኢሜይል ይመጣል፤ የላከው ሰውም ትክክል ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ፊደል የሚያርም አርታኢ አያገኘውም። የሚያገኘው በዚያው ጉዳይ የተጠመደ ሌላ ፕሮግራመር ነው። ጥሩ አሳታሚ የሚያስከፍላችሁ ለዚህ ነው፦ ቴክኒካል ገምጋሚዎችን እሱ ይፈልጋል፣ እሱ ይጨቀጭቃል፣ ምዕራፍ በምዕራፍ አስተያየት ያመጣላችኋል። የቋንቋ አርትዖቱ፣ የገጽ ቅንብሩ፣ መጨረሻ ላይ የሚገባው የቃላት ማውጫም የሱ ሥራ ነው። ማውጫውን ራሳችሁ ለመሥራት ሞክሩና ታዩታላችሁ።

ሊንፐብ ላይ ገምጋሚዎቹ ገዢዎቹ ናቸው። ያላለቀ መጽሐፍ ትሸጣላችሁ፣ አንባቢ ስህተት ይነግራችኋል፣ ታርማላችሁ፣ የገዛው ሁሉ አዲሱን ቅጂ በነጻ ያወርዳል። ይህ የሚሠራው ግን አስቀድሞ የሚያውቃችሁ ሰው ካለ ነው። ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ያለው፣ ኮንፈረንስ ላይ የሚናገር፣ ጽሑፉ የሚነበብለት ሰው ይቀናዋል። ስም የሌለው ደራሲ ድምፁ የሚሰማ አይሆንም፤ ሊንፐብ ገዢ እየጎተተ አያመጣላችሁም። ማኒንግና ኦራይሊ የተባሉት አሳታሚዎችም ያላለቀ መጽሐፍ ለአንባቢ ቀድመው የሚያቀርቡበት አሠራር ስላላቸው ይህ የሊንፐብ ብቻ ጥቅም አይደለም።

ኬዲፒ በዚህ በኩል ደካማ ነው። ገምጋሚ አያመጣም፤ መጽሐፋችሁን የገዛው ሰው ማን እንደሆነም አይነግራችሁም። ፋይሉን ብታርሙት እንኳ እርማቱ ቀደም ብሎ ለገዛው ሰው በራሱ ላይደርስ ይችላል። የአማዞን ዲጂታል መጽሐፍ ማንበቢያ በሆነው ኪንድል ላይ ደግሞ ኮድ ያስቸግራል፦ ባለ 90 ፊደል የፋንክሽን መግለጫ ትንሽ ስክሪን ላይ ሦስት ቦታ ይሰበራል፤ ኢንደንቴሽን (መስመር ሲጀምር የሚተው ክፍተት) ትርጉም ባለው የፓይተን ቋንቋ ላይ አንባቢው የቱ መስመር የቱ ውስጥ እንዳለ ይጠፋበታል። ለወረቀት ቅጂ ግን ኬዲፒን እወደዋለሁ። መጽሐፍ የሚታተመው ሲታዘዝ ስለሆነ ቤታችሁ ውስጥ የሚከመር ካርቶን የለም።

የትኛውንም ብትመርጡ ኮዱን ረቂቁ ውስጥ በእጅ አትለጥፉ። እኔ ከመጻፊያ ፎርማቶቹ አስኪዶክን የማስቀድመው ለዚህ ነው፦ ኮዱ ራሱን ችሎ ቴስት የሚደረግ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ መጽሐፉ ደግሞ ምልክት የተደረገበትን ክፍል ብቻ ከዚያ ይስባል። ላቴክም ከፋይል ይስባል፤ ሂሳብ የበዛበት መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ አቻ የለውም። ብዙ ሰው ግን በመስመር ቁጥር ነው የሚስበው፤ ከላይ አንድ መስመር ሲጨመር ገጹ ላይ የተሳሳተ ቁራጭ ይወጣል። ማርክዳውን ለመጻፍ ይቀላል፤ ብቻውን ግን ከፋይል መሳብ ስለማይችል ተጨማሪ መሣሪያ ይፈልጋል። ወርድን ለዚህ ሥራ ባታነሱት ይሻላል።

እንግዲህ ምርጫው። የመጀመሪያ መጽሐፋችሁ ከሆነና ገበያ ላይ ስም ከሌላችሁ፣ ወይም ርዕሱ ስህተቱ ቶሎ የማይታይ ዓይነት ከሆነ (ኮንከረንሲ፣ ኮምፓይለር፣ ክሪፕቶግራፊ) ወደ አሳታሚ ሂዱ። ገንዘቡ ያንሳል፤ ስማችሁ ግን በተሳሳተ ኮድ አይነሳም። ተከታይ ካላችሁ፣ ወይም የምትጽፉበት ፍሬምወርክ በየስድስት ወሩ የሚለዋወጥ ከሆነ ሊንፐብ ይሻላችኋል፤ በሁለት ሺህ ቅጂ ታትሞ መጋዘን የገባ ያረጀ ምዕራፍ ማንንም አይጠቅምም። ኬዲፒን ብቻውን አልመክርም። ከሊንፐብ የሚወጣውን ለኅትመት የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ለወረቀት ቅጂ ኬዲፒ ላይ መጫን ግን ሁለቱንም ያስገኛል።

ይህን ስታደርጉ ዲጂታሉን ቅጂ ኬዲፒ ሴሌክት በሚባለው የአማዞን ፕሮግራም ውስጥ አታስገቡት። ለ90 ቀን ሌላ ቦታ እንዳትሸጡት ስለሚያስር ሊንፐብ ላይ ያለውን ማውረድ ሊኖርባችሁ ነው። ከአሳታሚ ጋር ስትፈራረሙ ደግሞ መጽሐፉ መሸጥ ሲያቆም መብቱ ወደ እናንተ የሚመለሰው መቼና እንዴት እንደሆነ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጉ። ከሌለ ይግባ በሉ፤ ፊርማው ከመፈረሙ በፊት።