ተጣጣፊው የኤርብራሽ መርጫ ሳጥንና በቤቴ የሠራሁት፦ የአሥራ ስምንት ወር ግምገማ

በ1፡43 ልኬት የተሠሩ ትናንሽ የላዳ ታክሲዎችን በኤርብራሽ፣ ማለትም ቀለምን በታመቀ አየር በሚረጭ እስክሪብቶ መሰል መሣሪያ፣ ሰማያዊና ነጭ መቀባት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከልጆቼ መኝታ ጋር ግድግዳ በሚጋራ ጠባብ ክፍል ውስጥ በመሆኑ፣ ከኤርብራሹ ጫፍ የሚወጣው የቀለም ብናኝና የቲነር ትነት ወዴት እንደሚሄድ ገና ከመጀመሪያው ያሳስበኝ ነበር። እስካሁን ሞዴሉ ውስጣቸው ሆኖ ሲረጭ ብናኙንና ትነቱን በፋን ስበው በሚያወጡ ሁለት የመርጫ ሳጥኖች ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ዘመድ ከውጭ በሻንጣ ያመጣልኝና ስምንት ወር የተጠቀምኩበት ተጣጣፊ ሳጥን ሲሆን፣ ሁለተኛው እሱ አልበቃ ሲለኝ ከኮምፔንሳቶና ከአሮጌ የወጥ ቤት ጭስ መሳቢያ በገዛ እጄ የሠራሁትና አሁን አሥር ወር የሞላው ነው። ሁለቱንም በተመሳሳይ ሥራ፣ በአንድ ዓይነት ቀለምና 0.3 ሚሊ ሜትር አፍንጫ ባለው አንድ ኤርብራሽ ስለፈተንኳቸው፣ ያየሁትን ለመግዛትም ሆነ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ሳልደብቅ አስፍሬዋለሁ።

ከተጣጣፊው ልጀምር። ሲታጠፍ እጀታ ያለው ሻንጣ ይመስላል፤ ሲዘረጋ ደግሞ 42 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 31 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አፍ ይኖረዋል። ከኋላው ስፖንጅ መሰል ማጣሪያ፣ ከማጣሪያው ጀርባ በ12 ቮልት የሚሠራ ፋን፣ ከላይ የኤልኢዲ መብራት፣ ከታች ሞዴሉ የሚቀመጥበት ተሽከርካሪ ሰሃን አለው፤ አየሩን ወደ መስኮት የሚያደርስ ተለጣጭ የፕላስቲክ ቱቦም አብሮት ይመጣል። በምግብ ጠረጴዛ ላይ በሁለት ደቂቃ ይዘረጋል፣ ሥራው ሲያልቅ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል፣ ድምፁም ልጅ አይቀሰቅስም። መብራቱ በተለይ ደስ አሰኝቶኛል፤ ነጭ ቀለም በነጭ ፕሪመር (ከሥር በሚቀባ የመሠረት ቀለም) ላይ ሲቀባ የቱ ጋ እንደተረጨና የቱ ጋ እንደቀረ ያለ ደህና መብራት መለየት አይቻልምና።

ሌላው ያልጠበቅኩት ጥቅሙ በ12 ቮልት መሥራቱ ነው። አንድ ምሽት ቀለም እየረጨሁ መብራት ሲጠፋ ፋኑን ከሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር አገናኝቼ፣ በኮምፕሬሰሩ 3 ሊትር ታንክ ውስጥ በቀረው አየር የጀመርኩትን በር ጨረስኩ፤ ከዚያም ትነቱ ከክፍሉ እስኪወጣ ድረስ ፋኑ ሌላ ግማሽ ሰዓት ሠራልኝ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ድክመቱ ያለው በአየር ስበቱ ነው። ካርቶኑ ላይ በደቂቃ 3 ሜትር ኩብ አየር እንደሚስብ ተጽፏል። ይህ በሰከንድ 0.05 ሜትር ኩብ ማለት ሲሆን፣ የሳጥኑ አፍ ስፋት 0.13 ካሬ ሜትር ስለሆነ በአፉ ላይ የሚያልፈው አየር ፍጥነት በሰከንድ 0.38 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በቀለም መርጫ ሥራ በተለምዶ የሚፈለገው ደግሞ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የተጻፈው ቁጥር ሙሉ በሙሉ እውነት ቢሆን እንኳ ሳጥኑ ከሚፈለገው በታች ነው፤ እንዲህ ያለው ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፋኑ ማጣሪያም ቱቦም ሳይገጠምለት የሚሰጠውን አቅም የሚያሳይ ነው። የሕንፃ አየር ማቀዝቀዣ ከሚገጥም ወዳጄ የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ተውሼ፣ ማጣሪያው በቦታው እያለና ቱቦው እስከ መስኮቱ ተዘርግቶ ስለካው በአፉ መካከል ያገኘሁት በሰከንድ 0.2 ሜትር ብቻ ነበር።

ቁጥሩ በሥራው ላይ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት በአምስተኛዋ ላዳ ነው። የአንዷን ገላ ሰማያዊ ረጭቼ ከጨረስኩ በኋላ ወዲያው የሌላዋን ጣሪያ ነጭ መርጨት ጀመርኩ። ጣሪያው ገና እርጥብ እያለ ለዓይን ንጹሕ ይመስል ነበር፤ በማግስቱ ግን ጣቴን ሳሳልፍበት ሻከረኝ፤ በአጉሊ መነጽር ስመለከተው ደግሞ ጥቁር አዝሙድ እንደተነሰነሰበት ዳቦ በሰማያዊ ነጠብጣብ ተሞልቷል። ፋኑ ስቦ ያላወጣው ሰማያዊ ብናኝ በአየር ላይ ደርቆ፣ በሳጥኑ ውስጥ ሲዞር ቆይቶ እርጥቡ ነጭ ላይ አርፎ ነበር። በከተማችን ይህ ችግር ይብሳል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንገኝና የበጋው አየር ደረቅ ስለሆነ አክሪሊክ ቀለም ሞዴሉ ላይ ሳይደርስ መድረቅ ይጀምራል። ግፊቱን ከ20 ወደ 15 ፒኤስአይ ማውረድና ቀለሙ ላይ መድረቁን የሚያዘገይ ፈሳሽ ጠብ ማድረግ ረድቶኛል፤ ሆኖም ደካማ ስበትን የሚተካ ዘዴ አይደለም።

ዕጣን ደግሞ የቀረውን ነገረኝ። ባለቤቴ ቡና ካፈላች በኋላ ዕጣኑ ያላለቀውን ማጨሻ ወስጄ፣ በአካባቢው ቀለምም ቲነርም አለመኖሩን አረጋግጬ፣ ከሳጥኑ አፍ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ፊት ለፊት አስቀመጥኩት። በታች በኩል ያለው ጭስ ቀጥ ብሎ ወደ ማጣሪያው ገባ። ከላይ ያለው ግን ገብቶ ጣሪያው ሥር ተጠቅልሎ በላይኛው ከንፈር በኩል ተመልሶ ወጣ፤ የወጣበትም ቦታ እኔ ስሠራ ፊቴን የማስጠጋበት ቦታ ነበር። ለስምንት ወር ስተነፍሰው የነበረውን በዓይኔ ካየሁ በኋላ በዚያ ሳጥን ቲነር ያለበት ቀለም አልረጨሁም።

በቤት የሠራሁትን ሳጥን የጀመርኩት ከሞተሩ ነው፤ ሊሠራ የሚያስብ ሁሉም ከዚያ እንዲጀምር እመክራለሁ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሳጥኑን አሳምሮ ይሠራና በመጨረሻ ያገኘውን ፋን ይለጥፍበታል። እኔ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አፍ ፈለግኩ፤ ይህ 0.27 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ለማግኘት በሰዓት 486 ሜትር ኩብ አየር መሳብ ያስፈልጋል። ምናለሽ ተራ ተመላልሼ ብዙ ሰው ሁድ ከሚለው የወጥ ቤት ጭስ መሳቢያ የተፈታ፣ ከጎኑ በሰዓት 600 ሜትር ኩብ ተብሎ የተለጠፈበት ሞተር አገኘሁ፤ በሻጩ ፊት ሶኬት ላይ ሰክቼ፣ ሳይንገጫገጭ መዞሩን ሰምቼ፣ ከዚያ በኋላ ነው በዋጋ የተከራከርኩት። የዚህ ፋን ክንፎች በከበሮ ዙሪያ የተደረደሩ ናቸው፤ ማጣሪያና ቱቦ ሲገጠምበት ከተራ ማራገቢያ ይልቅ ስበቱን ጠብቆ ይቆያል። ካርቦን ብሩሽ የሌለው ሞተር መሆኑም አስፈላጊ ነው፤ ብሩሽ ያለው ሞተር ሲዞር ውስጡ ብልጭታ ይፈጥራል፣ የቲነር ትነት ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን ከአየሩ መንገድ ውጭ፣ ከሳጥኑ አንድ ሜትር አርቄ ገጠምኩት፣ ለሞተሩ አካልም የምድር ሽቦ ሰጠሁት። እንዲህም ሆኖ ሞተሩ ፍንዳታን እንዲከላከል ተደርጎ የተሠራ አይደለምና፣ በዚህ ሳጥን የምረጨው በኤርብራሽ ኩባያ የሚለካ ጥቂት ሚሊ ሊትር ቀለም ብቻ ነው። በጣሳ የሚሸጠውን ስፕሬይ በውስጡ አልጠቀምም፤ ገፊው ጋዝ ራሱ እንደ ቡታን ያለ ተቀጣጣይ ነገር ነውና።

ሳጥኑ ራሱ ከ9 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በኮላና በብሎን የተገጠመ፣ ስፌቱ ሁሉ በሲሊከን የታሸገ፣ ውስጡ ነጭ የተቀባ ቀላል ነገር ነው። ማጣሪያው ከሶማሌ ተራ የገዛኋቸው ሁለት የመኪና ካቢን ፊልተሮች (ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣሩት) ጎን ለጎን ተሰክተው ሲሆን፣ ከፊታቸው ትራስ የሚሞላበት ፋይበር በስሱ ተዘርግቶ ወፍራሙን ብናኝ ይይዛል። ፋይበሩን በየሳምንቱ እለውጣለሁ፤ ፊልተሮቹን የምለውጠው ግን አፉ ላይ ያንጠለጠልኩት የሶፍት ቁራጭ ወደ ውስጥ መዘንበሉን ሲተው ነው።

ሁለት ስህተት ሠርቼ አርሜያለሁ። አንደኛው ፊልተሩን ከሞተሩ አፍ ጋር አጣብቄ መግጠሜ ነበር፤ በዕጣኑ ስፈትነው መካከሉ ብርቱ ስበት ሲኖረው ማዕዘኖቹ ጋ ጭሱ ቆሞ ይውል ነበር። በፊልተሩና በሞተሩ መካከል 8 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ስተውለትና የሳጥኑን ጣሪያ ወደ ኋላ ዝቅ ብሎ እንዲያዘነብል ሳደርገው ስበቱ በመላው አፍ ላይ እኩል ተከፋፈለ። ሁለተኛው ስህተት ቱቦው ነው። የሞተሩ መውጫ 150 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ፣ በቀላሉ ስለሚገኝ ብቻ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ፒቪሲ ገጠምኩበት። ልዩነቱ 4 ሳንቲ ሜትር ቢመስልም የአየሩ መተላለፊያ በግማሽ ገደማ ይጠባል፤ ሞተሩ ያፏጭ ጀመር፣ መለኪያውም ከ0.25 አላልፍ አለ። ላሜራ ሠሪ ዘንድ ሄጄ 150 ሚሊ ሜትር ስፋትና አንድ ሜትር ከሃያ ርዝመት ያለው፣ አንድ ክርን ብቻ ያለበት ቱቦ ካስጠቀለልኩ በኋላ በሰከንድ 0.45 ሜትር ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊና ነጭን በአንድ ምሽት ስረጭ ነጠብጣብ ያየሁበት ጣሪያ የለም።

ወጪው ሁሉ ተደምሮ፣ የሁለት ቅዳሜና እሁድ ጉልበቴ ሳይቆጠር፣ ከተጣጣፊው ዋጋ በሲሶ ያህል በልጧል። ቦታ ይይዛል፤ ሦስተኛው ፍጥነት ላይ ሲሆን ሬዲዮ አያሰማም፤ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። በዚህ የተነሳ ተጣጣፊውን አልሸጥኩትም፤ ውኃ ላይ በተመሠረተ አክሪሊክ ጥቃቅን ክፍሎችን ስቀባ አሁንም እሱን እዘረጋለሁ። በወር አንድ ሁለት ሞዴል ለሚቀባና በዚህ ዓይነት ቀለም ብቻ ለሚሠራ ሰው፣ ቱቦውን አሳጥሮ መስኮቱ አጠገብ እስካስቀመጠው ድረስ፣ ተጣጣፊው ይበቃዋል ብዬ እገምታለሁ። ላከር፣ ማለትም በቲነር የሚቀጥን ቀለም፣ ለሚረጭ ወይም ትልቅ ሞዴል ለሚሠራ፣ ለምሳሌ 1፡144 የሆነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ሠርቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰውን ክንፍ በአንድ ጊዜ ለመርጨት ለሚፈልግ ሰው ግን ተጣጣፊውን አልመክርም።

ስለ ትነት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የእነዚህ ሳጥኖች ፊልተር የሚይዘው ብናኙን እንጂ የቲነሩን ሽታ አይደለም፤ በአንዳንድ ካቢን ፊልተር ውስጥ ያለው ሽታ የሚስብ ጥቂት ከሰልም ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ አየሩ የግድ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ ወደ ውጭ ሲወጣም ሌላ ሰው ቤት እንዳይገባ ማሰብ ያስፈልጋል። እኔ ይህን የተማርኩት ከእኛ በላይ የሚኖሩ እናት ደረጃ ላይ አግኝተውኝ፣ «ልጄ፣ ይሄ የቲነር ሽታ ከእናንተ ቤት ነው እንዴ የሚመጣው? ሌሊቱን ሙሉ ሳል አላስተኛኝም» ካሉኝ በኋላ ነው። ይቅርታ ጠይቄ በዚያው ሳምንት የቱቦውን መውጫ መስኮት ወደሌለበት የሕንፃው ጎን አዞርኩት፤ ላከር የምረጭበትን ቀን ደግሞ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ሳጥኑ ደህና ቢስብም ማስክ አልተውም፤ ኤን 95 ለብናኝ ይሆናል፣ ለትነት ግን ካርትሪጅ (ትነት የሚይዝ ተለዋጭ ማጣሪያ) ያለው ማስክ ያስፈልጋል። ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀውን የመኪና ቀለም ግን በዚህ ዓይነት ሳጥን ማንም እንዲሞክረው አልፈልግም፤ በውስጡ ያለው አይሶሳይኔት ለዕድሜ ልክ የሚዘልቅ አስም ሊያመጣ ይችላል።

አሁን የቀረኝ ሥራ የቱቦው መውጫ ነው። ክረምት ሲገባ ነፋሱ በቱቦው ተመልሶ እየገባ የፊልተሩን ብናኝ ወደ ክፍሉ ስላራገፈብኝ፣ ሞተሩ ሲሠራ የሚከፈትና ሲቆም በራሱ ክብደት የሚዘጋ ቀጭን የላሜራ ክዳን አንጠልጥዬበታለሁ። ይዘጋል፤ ነገር ግን ሌሊት ነፋስ ሲነካው ይንኳኳል፤ በዚህ ሳምንት ጠርዙን የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ለጥፌበት አያለሁ።